ሐምራዊው እንፋሎት

በ1742 በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኦርክኒ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በስትሮንሴይ፣ ሕዝቡ በጭስ ምክንያት ዐመፀ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ20 ዓመት በፊት፣ በ1722፣ ጄምስ ፊ የተባለ ባለርስት የባሕር አረም አቃጥሎ አመዱን የመሸጥ ሥራ ወደ ደሴቲቱ አስገብቶ ነበር። አረሙ ባሕሩ ሲሸሽ ከዐለቱ ላይ ይታጨዳል፤ ማዕበል የተፋውም ይለቀማል። ዳር ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ በድንጋይ በተከበበ ጉድጓድ ውስጥ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይነዳል። ቀልጦ የሚቀረው አመድ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ለሳሙናና ለብርጭቆ ሠሪዎችም ይሸጣል። 1 ቶን አመድ ለማግኘት 20 ቶን ያህል እርጥብ አረም መቃጠል ስለነበረበት ጭሱ ደሴቲቱን ያለብሳት ነበር። ገበሬዎቹ ጭሱ እህሉን ያጠወልጋል፣ ከብቱን ያሳምማል፣ ዓሣውን ያሸሻል ብለው ተነሡ። ገንዘቡ ግን በረታ፤ እሳቱም ሳይጠፋ ከደሴት ወደ ደሴት ተዛመተ።

የባሕር አረም የባሕር ዳርን አየር እንደሚለውጥ በአደባባይ ሙግት ሲነሣበት ከሚታወቁት ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ገበሬዎቹ የሚከራከሩት ስለሚነደው አረም ነበር። አረሙ ሳይነካ፣ ዐለቱን እንደያዘ፣ በሕይወት እያለም አየሩን እንደሚለውጥ ለመረዳት ግን ከ250 ዓመት በላይ ወስዷል።

የአረሙን ምስጢር መጀመሪያ የገለጠው ጦርነት ነው። በ1811 ናፖሊዮን አውሮፓን እየወጋ ነበርና ባሩድ ያስፈልገው ነበር። በርናር ኩርትዋ ፓሪስ ውስጥ ባሩድ የሚሠራበትን ጨው እያመረተ ይኖር ነበር። ለሥራው የሚሆነውን አመድ ከእንጨት ማግኘት ሲቸግር ከፈረንሳይ የኖርማንዲና የብሬታኝ ዳርቻዎች የሚመጣውን የባሕር አረም አመድ መጠቀም ጀመረ። አመዱ የሚቀቀልባቸው የመዳብ ዕቃዎች ግን ባልታወቀ ነገር ይበሉ ጀመር። ኩርትዋ ዝቃጩን ለማጽዳት ሰልፈሪክ አሲድ ጨመረበት፤ አንድ ቀን መጠኑ በዛ። ከዕቃው ውስጥ ሐምራዊ እንፋሎት ተነሣ፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካም ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደሚያብረቀርቅ ጥቁር ክሪስታል ተለወጠ።

ኩርትዋ ነገሩ አዲስ መሆኑን ጠርጥሯል፤ ምርምሩን የሚቀጥልበት ገንዘብ ግን አልነበረውም። ክሪስታሉን ለኬሚስት ወዳጆቹ ለዴዞርምና ለክሌማን ሰጠ፤ እነሱም በኅዳር 1813 ለፈረንሳይ ሊቃውንት ይፋ አደረጉት። በዚያው ሰሞን እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ፣ አገሮቹ እየተዋጉ ሳለ፣ በናፖሊዮን የይለፍ ወረቀት ፓሪስ ገብቶ ነበር፤ ወጣቱ ማይክል ፋራዴይም ረዳቱ ሆኖ አብሮት መጥቷል። ዴቪ ከናሙናው ጥቂት አገኘና ይዞት በመጣው ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪ መረመረው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ-ሉሳክም በሌላ በኩል ይመረምር ነበር። ሁለቱ በየፊናቸው አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ አዮዲን ተባለ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጠለ። ኩርትዋ በ1831 ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ 6,000 ፍራንክ ሽልማት ቢሰጠውም በ1838 በድህነት ሞተ። ግኝቱ ስንቶችን እንዳከበረ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ አዮዲን የሐኪሞች ሆነ። የጄኔቫው ዣን-ፍራንስዋ ኩዋንዴ በ1820 ለእንቅርት ሕመምተኞች አዮዲን መስጠት ጀመረ። ለእንቅርት የተቃጠለ የባሕር ስፖንጅ መስጠት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሕክምና ነው፤ ኩዋንዴ ፈዋሹ በስፖንጁ ውስጥ ያለው አዮዲን መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ልክም ነበር። በ1850ዎቹ ፓሪሳዊው አዶልፍ ቻታን ከዚህ ወደ ሰፊው ጥያቄ ተሻገረ። አየሩን፣ የዝናቡን ውሃ፣ አፈሩንና ምግቡን እየለካ አዮዲን በሚያንስበት አገር እንቅርት እንደሚበዛ ተናገረ። የአካዳሚው ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1895 ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን አዮዲንን እንቅርት ሲይዝ በሚያብጠው በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ሲያገኘው የቻታን ሐሳብ ትክክል ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ተገኘ።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከባሕር በራቀና አፈሩ በዝናብ በታጠበ ደጋ የእናቶቻችንን አንገት ያሳበጠው የዚሁ ንጥረ ነገር እጦት ነው። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው በ2011 ነው፤ ከኩዋንዴ ወዲህ 191 ዓመት መሆኑ ነው።

ወደ ባሕሩ ዳር እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአረም አመድ ዋጋ የሚተመነው በያዘው አዮዲን ሆኖ ነበር፤ በምዕራብ አየርላንድ በኮነማራ ያሉ ድኾች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አረም እያቃጠሉ ይሸጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጆን ኤይትከን በአየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን የሚቆጥር መሣሪያ ሠራ። በስኮትላንድ ዳርቻም ቁጥራቸው ድንገት የሚያሻቅብበት ጊዜ እንዳለ መዘገበ። በ1920ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ፒየር ዳንዣር ቡናማ የባሕር አረሞች አዮዲን ወደ አየር እንደሚለቁ ጻፈ። ባልደረቦቹ ተጠራጠሩ፤ አረሙ ሲሞትና ሲበሰብስ የሚያወጣው ነው ያሉም ነበሩ። የኤይትከን ቁጥርና የዳንዣር አረም አንድ ታሪክ መሆናቸውን ማንም አላሰበም። አንዱ የአየር፣ ሌላው የዕፅዋት ጉዳይ ተደርጎ በየመደርደሪያው ተቀመጠ።

ሁለቱን ለማገናኘት መንገድ የከፈተው ጄምስ ላቭሎክ ነው። ላቭሎክ በ1957 እጅግ ጥቂት የሆኑ የክሎሪን፣ የብሮሚንና የአዮዲን ውሑዶችን ከአየር ውስጥ ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1971 መሣሪያው ሻክልተን በተባለች የምርምር መርከብ ላይ ተጭኖ ከብሪታንያ ወደ አንታርክቲካ ተጓዘ። የጉዞው ውጤት በ1973 ሲታተም ብዙዎች ያስታወሱት ከማቀዝቀዣና ከሽቶ መርጫ ቆርቆሮ የሚወጣውን ጋዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ማግኘቱን ነው፤ የላይኛውን አየር ኦዞን የማዳን ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። በዚያው ጽሑፍ ግን ሌላ ነገርም ነበር። በጉዞው ሁሉ በባሕሩም በአየሩም ሜታይል አዮዳይድ የተባለ የአዮዲን ጋዝ አግኝቷል፤ ይህን ጋዝ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ይሠራዋል። ኬልፕ የሚባለው ትልቁ ቡናማ አረም በበዛበት የባሕር ዳር መጠኑ እጅግ ከፍ ይላል። ላቭሎክ አዮዲን ከባሕር ወደ ምድር የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው አለ። ቻታን አየር ውስጥ የፈለገውን፣ ዳንዣር በአረሙ ላይ ያየውን፣ ላቭሎክ በመንገድ ላይ ያዘው።

በ1980 ሁለት አሜሪካውያን፣ ቻሜይደስና ዴቪስ፣ ሜታይል አዮዳይድ ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን አሰሉ። ብርሃኑ ሞለኪውሉን ሰብሮ አዮዲኑን ነጻ ያወጣዋል። ነጻ የወጣው አዮዲን ኦዞን ሲያገኝ አንድ ኦክስጅን ይነጥቀውና አዮዲን ኦክሳይድ ይሆናል፤ ኦዞኑ ተራ ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። አዮዲን ኦክሳይዱም በፀሐይና በሌሎች ጋዞች ተበትኖ አዮዲኑን መልሶ ይለቀዋል፤ አዮዲኑም ሌላ ኦዞን ፍለጋ ይሄዳል። እንዲህ እየዞረ አንድ አቶም ብዙ ኦዞን ያጠፋል። ከምድር አጠገብ ያለው ኦዞን ሳንባን የሚጎዳ፣ ሙቀትንም የሚይዝ ጋዝ ነው፤ አየሩ ሌሎች ቆሻሻ ጋዞችን የሚያጥብበት ኃይልም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ኦዞንን የሚነካ ነገር ሁሉንም ይነካል። ግን ይህ ሁሉ ገና በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ነበር።

ስሌቱ በተግባር የተፈተነው ሜስ ሄድ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሜስ ሄድ በአየርላንድ ጎልዌይ አውራጃ፣ ካርና ከምትባለው መንደር አጠገብ፣ ወደ አትላንቲክ የወጣ ድንጋያማ አፍንጫ ነው። የአየር ምርምር የተጀመረበት በ1958 ነው። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በባሕር ላይ ተጉዞ ስለሚደርስ ከዓለም ንጹሕ አየር ከሚለካባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ላቭሎክ አድሪጎል በተባለች የአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ መንደር ያስጀመረው የጋዝ ልኬት እንኳ በ1987 ወደዚህ ተዛውሯል። ልብ በሉ፤ ተመራማሪዎቹ የመጡት ሰው ያልነካውን አየር ፍለጋ ነው። ከእግራቸው ሥር የተዘረጋውን አረም የአየሩ አካል አድርጎ ያየ አልነበረም። ያ ዳርቻ ደግሞ ኮነማራ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች በዚያ አረም ውስጥ አዮዲን እንዳለ በሚሸጡት አመድ ዋጋ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር።

በ1997 የጀርመኑ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜስ ሄድ አየር ውስጥ አዮዲን ኦክሳይድን አገኘ። መጠኑ ከትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ቢበዛ 6 ያህል ነበር፤ ይህች ጥቂት ግን ኦዞንን ለመቀነስ በቂ ናት። ቻሜይደስና ዴቪስ ያሰሉት ነገር እውነት ሆነ። ውጤቱ በ1999 ታተመ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1998ና በ1999፣ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ ሳይንቲስቶች በአየርላንዳዊው ኮሊን ኦዳውድ አስተባባሪነት እዚያው ቅንጣት ሊቆጥሩ መጡ። ያዩት አስደናቂ ነበር። ንጹሕ የባሕር አየር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጥቂት መቶ ቅንጣቶች ይዟል። ባሕሩ ሲሸሽና ፀሐይ ስትኖር ግን ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም ወደ 1 ሚሊዮን ይተኮሳል። ሙላቱ ሲመለስ ይረግባል። በማግስቱ ደግሞ ሽሽቱ ዘግይቶ ሲመጣ ፍንዳታውም አብሮት ይዘገያል። ሽሽት ብቻውን አይበቃም፤ ሌሊት ሲሆን ቅንጣቱ የለም። ፀሐይ ብቻዋንም አትበቃም። ኤይትከን በስኮትላንድ ዳርቻ የመዘገበው ቁጥር መቶ ዓመት ቆይቶ አሁን ሰዓትና ምክንያት ሊገኝለት ነው።

ምክንያቱ ዳርቻው ላይ ተኝቷል። ላሚናሪያ ዲጂታታ የሚባለው ኬልፕ የሚኖረው ከዳርቻው ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ ነው። ሥር በሚመስል መያዣው ዐለቱን ጨምድዶ፣ ከግንዱ በላይ እንደ እጅ ጣቶች የተሰነጣጠቀ ቡናማ ቅጠሉን በውሃው ውስጥ ያወዛውዛል። ከውሃ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በተለይ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ፣ ባሕሩ ከሁሉ ይልቅ ሲሸሽ። ያኔ ቅጠሉ ዐለቱ ላይ ተዘርሮ ለሰዓታት ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል። የሜስ ሄድ አየርም ያኔ በቅንጣት ይሞላል። ኦዳውድና የካሊፎርኒያ ባልደረቦቹ አንድ የአዮዲን ጋዝ ከኦዞንና ከብርሃን ጋር በላቦራቶሪ ሲያገናኙ ተመሳሳይ ቅንጣት ተፈጠረ፤ በ2002 የባሕር አረም አዮዲን ለደመና ዘር ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። የደመና ጠብታ የሚረጋበት ቅንጣት ይፈልጋል፤ ቅንጣት ሲበዛ ደመናው ይነጣል፣ የፀሐይን ብርሃንም አብዝቶ ወደ ሰማይ ይመልሳል።

ይሁንና አረሙ የሚለቀው የትኛውን ጋዝ ነው? ሁሉም ካርቦን ያላቸውን የአዮዲን ጋዞች ሲጠረጥር ቆይቷል፤ ከላቭሎክ ጀምሮ የሚለካው እሱ ነበርና። በ2002 ክረምት ከብሪታንያ የመጡ ቡድኖች ሜስ ሄድ ላይ ሰፈሩ። አልፎንሶ ሳይስ-ሎፔስና ጆን ፕሌን የደማቅ መብራት ጨረር በባሕረ ሰላጤው ላይ አሳልፈው፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ደሴት ላይ በተተከለ መስተዋት አስመልሰው፣ ከብርሃኑ የትኛው ቀለም እንደጎደለ መረመሩ። የጎደለው በአረንጓዴና በቢጫ መካከል ያለው ነበር። ኩርትዋ በዓይኑ ያየው እንፋሎት ሐምራዊ የሆነው ይህንኑ ቀለም ስለሚውጥ ነው። በአየሩ ውስጥ የነበረው ንጹሕ አዮዲን ራሱ ነበር፤ ማታ ማታ ከትሪሊዮን እስከ 93 ይደርስ ነበር። በ2004 ይህ ሲታተም ጎርደን ማክፊገንስና ባልደረቦቹም ኬልፕን በዕቃ ውስጥ አድርገው ኦዞን ሲያሳልፉበት ንጹሕ አዮዲን እንደሚለቅና ቅንጣቱም ከእሱ እንደሚወለድ አሳዩ። ቀን ላይ ይህ አዮዲን ከወጣ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ሳይሰበር የሚቆየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቀድሞ የማይታየው ለዚህ ነበር። ዳንዣርም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ በ190 ዓመት ውስጥ ስለ አዮዲን የተጠየቀው ለባሩድ ሠሪ፣ ለሐኪም፣ ለነጋዴ፣ ለኦዞን፣ ለደመና ምን እንደሚሠራ ነበር። ለአረሙ ለራሱ ምን ይሠራለታል የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጥያቄ ግን እሱ ነው። ጥያቄውን በብሬታኝ፣ ሮስኮፍ ከሚገኘው ጥንታዊ የባሕር ምርምር ጣቢያ ጋር ሆኖ በትጋት የተከታተለው ፍሪትዮፍ ኪውፐር ነው። ላሚናሪያ በዙሪያው ካለው ውሃ 30,000 እጥፍ ያህል አዮዲን ያከማቻል፤ ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ለምን ይሸከማል?

መልሱ በ2008 መጣ። አረሙ አዮዲኑን የሚያስቀምጠው አዮዳይድ በተባለው መልኩ፣ በአብዛኛው ከሕዋሶቹ ውጭ፣ ቆዳው አጠገብ ነው። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይና ኦዞን ሲመታው፣ ወይም ተባይ ሲያጠቃው፣ ሕዋስን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ዓይነቶች ይነሡበታል። ያኔ አዮዳይዱን ይለቀዋል፤ አዮዳይዱም አጥቂውን ቀድሞ ያገኘውና ራሱን ሰጥቶ ያከሽፈዋል። ኦዞን ከቅጠሉ ገጽ ላይ ሲደርስ ከአዮዳይዱ ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፤ ከዚያ ግብግብ የሚወጣው ደግሞ ንጹሕ አዮዲን ነው። በሕያው ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ካርቦን የሌለው ቀላል ጨው የመከላከያ ሥራ ሲሠራ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። በአየሩ ውስጥ የሚለካው ጋዝ፣ የሚፈነዳው ቅንጣት፣ የሚጎድለው ኦዞን ሁሉ ይህ አረም ዐለት ላይ ተዘርሮ ነፍሱን ለማዳን ሲታገል የሚተርፍ ነው።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ በሁለት በኩል ሰፍቷል። በ2011 የታተመ የአየርላንድ ጥናት የሴት ተማሪዎችን ሽንት መርምሮ አረም በበዛበት በካርና አካባቢ የሚኖሩት ከሌሎች አካባቢዎች ልጆች የበለጠ አዮዲን እንዳላቸው አገኘ። አጥኚዎቹ ልጆቹ ከሚተነፍሱት አየር የሚያገኙት ድርሻ ሊኖር እንደሚችል ጠቁመዋል። ምግብም ሊለያይ ይችላልና ነገሩ ተቆርጦ የተዘጋ አይደለም፤ ቻታንን ግን ባያሳምነው እንኳ ደስ ያሰኘው ነበር።

ሁለተኛው ከዳርቻ ወደ ውቅያኖስ ያለው ነው። በ2013 የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሉሲ ካርፔንተርና ባልደረቦቿ ኬልፕ በቆዳው ላይ የሚያደርገውን የባሕር ገጽ ሁሉ እንደሚያደርገው አሳዩ። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለ አዮዳይድ ከላይ የሚያርፍበትን ኦዞን ሲያገኝ አዮዲን ወደ አየር ይለቃል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ትልቁ የአዮዲን ምንጭ ይህ ሆነ፤ የኬልፕ ድርሻ በየዳርቻው ላይ የበረታ ነው። ከዚህም ከባድ መደምደሚያ ይመጣል። ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ የሚፈጠረው ኦዞን በበዛ ቁጥር ባሕሩ የሚመልሰው አዮዲንም ይበዛል። በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ ከአልፕስ ሌላው ከግሪንላንድ በረዶ፣ በአየር ውስጥ ያለው አዮዲን ከ1950 ወዲህ በ3 እጥፍ ማደጉን አሳይተዋል።

የቅንጣቱ አወላለድም ተጠርቷል። በ2016 በሚኮ ሲፒላ የተመራ ቡድን ሜስ ሄድ ላይ ቅንጣቶቹ የሚገነቡት በአብዛኛው አዮዲክ አሲድ የሚባል ሞለኪውል አንዱ በአንዱ ላይ እየተጨመረ መሆኑን በመሣሪያ ተከታተለ። በ2021 ደግሞ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ክላውድ የሚባለው ሙከራ ይህ አሲድ በእኩል መጠን ሲለካ በደመና ዘር አፈጣጠር ከታወቀው ከሰልፈሪክ አሲድ እንደሚፈጥን አረጋገጠ። እየሳሳ በሚሄደው የአርክቲክ በረዶ ላይ ለሚወለዱ ቅንጣቶችም ዋናው ተጠያቂ እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

በብሬታኝ ግን ላሚናሪያ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው፤ ባሕሩ እየሞቀ ነው። በ2013 የታተመ ስሌት እንደሚለው የሙቀቱ ጭማሪ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ ክፍለ ዘመን ውስጥ ከፈረንሳይ፣ ከዴንማርክና ከደቡብ እንግሊዝ ዳርቻዎች ሊጠፋ ይችላል። ሮስኮፍ ላይ ያሉት ተመራማሪዎች ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ዳርቻው እየወረዱ ይቆጥሩታል።